ምዕራፍ 8፦ ቮልሷ አባይ በረሃ ከመውረዷ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ ከፒያሳ ቦሌ፣ ከቦሌ መርካቶ ስትመላለስ ዓመት ከዓመት ጋራዥ ያላየች ቮልስዋገን፣ ጎጃም ልትሄድ በተነሣች በግማሽ ቀኗ መንገድ ላይ ትቀራለች። ባለቤቷ «እስከ ትናንት ምንም አልነበራትም» ይላል። ልክ ነው፤ እስከ ትናንት ምንም አልታየባትም። ረጅም መንገድ አዲስ ብልሽት የሚፈጥረው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያወጣው ከተማ ውስጥ ተደብቆ የከረመውን ነው። ያ ብልሽት እስካሁን ያላገኘው አንድ ነገር ነበር፤ እስኪግል ድረስ የሚቆይበት ጊዜ።

ይህ ምዕራፍ ስለ ሙቀት ነው። በምዕራፍ 2 ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ ተቃጥሎ ፒስተኑን እንዴት እንደሚገፋ አይተናል። እዚያ በአንድ መስመር ነካ አድርገን ያለፍነው ጉዳይ ነበር፦ በአሮጌ ሞተር ውስጥ ከቤንዚኑ ጉልበት ጎማ ለማዞር የሚውለው ሢሶ እንኳ አይሞላም። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ከፊሉ በጭስ ማውጫው፣ ከፊሉ በሞተሩ ብረትና በዘይቱ በኩል። መኪናን ለረጅም ጉዞ ማዘጋጀት ስንል በአመዛኙ የምናወራው ስለዚህ ስለሚባክነው ክፍል ነው። ለምሳሌ የመረጥኩት መኪና ቮልስዋገን ነው፤ የመረጥኩት መንገድም የአባይ በረሃ። ምክንያቱን ወደፊት ታዩታላችሁ።

የተበሳው ባልዲ

ግርጌው የተበሳ ባልዲ ቧንቧ ሥር አስቀምጡና ቧንቧውን ክፈቱ። ውኃው መጀመሪያ በፍጥነት ይሞላል። ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ግን ታች ያለው ቀዳዳ በኃይል መትፋት ይጀምራል። የሆነ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ቧንቧው ቀኑን ሙሉ ቢፈስም ውኃው ከዚያ ከፍታ ንቅንቅ አይልም።

ሞተርም እንዲሁ ነው። ቧንቧው የሚቃጠለው ቤንዚን ነው፤ ቀዳዳው ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ፤ የውኃው ከፍታ ደግሞ የብረቱ የሙቀት መጠን። ብረት በጋለ ቁጥር ለአካባቢው አየር የሚሰጠው ሙቀት ይበዛል፤ ስለዚህ ማንኛውም ሞተር በአንድ ዓይነት ፍጥነትና ጭነት ረዘም ላለ ጊዜ ከሄደ የሚረጋበት ከፍታ አለው። ዋናው ጥያቄ ያ ከፍታ ከባልዲው አፍ በታች ነው ወይስ በላይ የሚለው ነው። በታች ከሆነ ጎንደር ድረስ ሳይቆሙ መሄድ ይቻላል። በላይ ከሆነ መፍሰሱ አይቀርም፤ የሚለየው ሰዓቱ ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ ቧንቧው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ትንሽ ተነድቶ መብራት ይይዛል፤ ጥቂት ሄዶ ቢሮ በር ላይ ይቆማል። ከባዱ ሥራ አጭር ስለሆነ ውኃው የመጨረሻ ከፍታው ላይ ሳይደርስ ሞተሩ ይጠፋል። የቀዳዳው ግማሽ በጭቃ ቢደፈን እንኳ የሚያውቅ የለም። ደብረ ማርቆስ ለመድረስ ግን ሞተሩ ለሰዓታት ሳያርፍ መሥራት አለበት። ያን ጊዜ የተደፈነው ሁሉ ሒሳቡን ይጠይቃል።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። ለጉዞ መዘጋጀት ማለት ሙቀት የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ፈልጎ መጥረግ ነው። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ሲያደርግ ይታያል፤ ዳገት እንዳያስቸግረው ብሎ ትልቅ ካርቡራተር ያስገጥማል። ይህ ቀዳዳውን ሳይነኩ ቧንቧውን ማስፋት ነው። የቮልስዋገን መሐንዲሶች የካርቡራተሩን ጉሮሮ ያጠበቡት ሳያውቁ አይደለም። ሞተሩ ማቀዝቀዝ ከሚችለው በላይ እንዳይተነፍስ አስበው ነው ያደረጉት፤ መኪናዋ የመጨረሻ ፍጥነቷን ይዛ ለረጅም ጊዜ እንድትሄድ። ከጉዞ በፊት ጉልበት ልጨምርላችሁ የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ተሰናበቱት።

ውኃ የሌላት መኪና

ቮልስዋገን በፈርዲናንድ ፖርሽ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተነደፈች መኪና ናት። የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ስትወጣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር። ራዲያተር የላትም። ያልተደረገላት በጀርመን ክረምት ደጅ ስታድር ውኃዋ ቀዝቅዞ ሞተሩን እንዳይሰነጥቀው ነው። ብርድን ፈርቶ የተሠራው ሞተር እኛ ዘንድ መጥቶ ቆላ ይወርዳል።

በራዲያተር ፈንታ ከሞተሩ በላይ ቬንቲሌተር አላት። ከኋላ መስታወቱ ሥር ባሉት ስንጥቆች ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ በቆርቆሮ ሽፋን ውስጥ አድርጎ በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋዋል፣ የሞቀው አየር ደግሞ በሥር ይወጣል። እዚህ ላይ ትልቁ ቀዳዳችን ቆርቆሮው ነው። ሞተሩን ዙሪያውን ከሸፈኑት ቆርቆሮዎች አንዱ ከጎደለ አየሩ መሄድ ከሚገባው ቦታ ሳይደርስ ይበተናል። ከዚያም ብሶ፣ በሥር የወጣው የጋለ አየር በክፍተቱ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ይነፋል። ሞተር በወረደ ቁጥር «ተረፈ» እየተባለ የሚጣል ቆርቆሮ ስላለ፣ አሮጌ ቮልስ ላይ ሁሉም በቦታቸው ከተገኙ ዕድለኛ ናችሁ። ለካንዴላ ገመዶቹ አንገት የተሠሩት ክብ ላስቲኮችም ጌጥ አይደሉም። ገመዱ ቆርቆሮውን የሚሻገርበትን ቀዳዳ ለመድፈን ነው የተቀመጡት። በሞተሩ ክፍል ዙሪያ የተዘረጋው ረጅም ላስቲክም ሥራው ይኸው ነው፤ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ይቀየር።

ቀጥሎ የብረት ክንፎቹ ናቸው። ሲሊንደሮቹ በዙሪያቸው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሏቸው፤ ለአየር የሚጋለጠውን ስፋት ለመጨመር ነው። ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር በአቧራ መንገድ ሲሄድ በእነዚህ ክንፎች መካከል ጭቃ ይጋግራል። «ትንሽ ዘይት ታንጠባጥባለች እንጂ ችግር የለባትም» የሚባለው አባባል ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ። የዘይት መፍሰስ ቮልስ ላይ የማቀዝቀዣ ብልሽት ነው።

የሚቀረው ቺንጊያ የምንለው የጎማ ቀበቶ ነው። ይህ አንድ ቀበቶ ዲናሞውንም ቬንቲሌተሩንም ያዞራል። ሲበጠስ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ብዙ ሾፌር መብራቱን «ባትሪ አልሞላም» ብሎ ይተረጉመውና ከተማ እስኪደርስ ይነዳል፤ በሌላ መኪና ይህን ማድረግ ይቻል ይሆናል። ቮልስ ላይ ያ መብራት ከበራና ቺንጊያው ከተበጠሰ የባልዲው ቀዳዳ ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል ማለት ነው፤ ሞተሩን የሚያበላሹት ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ናቸው። እዚያው ቁሙ። መለወጡ ቀላል ነው፦ የዲናሞው ፑሊ ጠርዝ ላይ ባለችው ጎድጓዳ ካቻቢቴ አስደግፋችሁ በ21 ቁልፍ ትፈቱታላችሁ። በፑሊው ሁለት ግማሾች መካከል ስስ ቀለበቶች ታገኛላችሁ፤ ከመካከል አውጥታችሁ ወደ ውጭ ባዛወራችኋቸው ቁጥር ቺንጊያው ይጠብቃል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ወደ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከገባ ልክ ነው። ትርፍ ቺንጊያ ከመንጃ ፈቃድ እኩል መያዝ ያለበት ዕቃ ነው፤ ቤት ሳላችሁም አንዴ በገዛ እጃችሁ ፈትታችሁ ግጠሙት።

ፔጆ 404 ወይም ፊያት ያላችሁ አንባቢዎች ይህን ክፍል መዝለል የለባችሁም። በእናንተ መኪና ውኃው ሙቀቱን ከሞተሩ ተሸክሞ ወደ ራዲያተር የሚያደርስ አጓጓዥ ነው፤ የመጨረሻው ተቀባይ ያው አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ እንጂ በ100 አይደለም። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ነው መፍያውን ከዚያ በላይ የሚያደርሰው። ላስቲኩ ያረጀ ክዳን በከተማ አይታወቅባችሁም፤ ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚያወጣው ዳገት ላይ ግን ያስታውቃል።

ዝም ያለ ቫልቭ

አንድ ነገር ብቻ ማስደረግ የምትችሉ ቢሆን ይህን እመርጥላችኋለሁ።

በምዕራፍ 2 እንዳየነው የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣው በጭስ ማውጫው ቫልቭ በኩል ነው። ይህ ቫልቭ ሲከፈት እሳት በዙሪያው ያልፋል። ሙቀቱን የሚያራግፈው ሲዘጋ ነው፤ ጠርዙ መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት ሙቀቱን ለሞተሩ ራስ ያስረክባል። መንገድ ላይ ይህ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ለቫልቩ ያለው ዋና ቀዳዳ ያ ንክኪ ነው።

ቫልቩን የሚገፋው ክንድና የቫልቩ ጫፍ መካከል ሆነ ተብሎ የሚተው ክፍተት አለ። በአብዛኞቹ የ1300፣ የ1500ና የ1600 ቮልሶች ላይ መጠኑ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ፣ ማለትም አድሮ በጠዋት፣ በስስ የብረት መለኪያ ይለካል። በጊዜ ብዛት ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠብባል። ጨርሶ ሲጠፋ ቫልቩ እስከ መጨረሻው መዘጋት ያቅተዋል። ሙቀቱን ማስረከብ አይችልም፤ ጠርዙ ይቃጠላል፤ ሲብስም አንገቱ ተበጥሶ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሞተሩን ማውረድ ነው።

አታላዩ ነገር ድምፁ ነው። ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ይንኳኳል፤ ባለቤቱም ይጨነቃል። ክፍተቱ የጠፋበት ቫልቭ ጸጥ ይላል፤ ባለቤቱም «ሞተሯ ለስልሷል» ብሎ ይደሰታል። የሚንኳኳው ጥቂት ጉልበት ይቀንስባችኋል፤ ጸጥ ያለው ሞተር ያስወርዳችኋል።

በተለይ 3ኛውን ሲሊንደር ተመልከቱ፤ በሾፌሩ በኩል ከፊት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ወደዚህ ሲሊንደር በሚሄደው አየር ፊት ስለነበረ፣ የሚደርሰው አየር ቀድሞ የሞቀ ነበር። ፋብሪካው ራሱ ይህን ያውቅ ነበርና ለዚህ ሲሊንደር ብቻ እሳቱ ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ እንዲነሣ አድርጎ ነበር። በኋላ ማቀዝቀዣው ወደ ጎን እንዲሸሽና የራሱ የአየር መንገድ እንዲኖረው ተደረገ። መካኒኩ ቫልቭ ሲለካ የ3ኛው ክፍተት ካለፈው ልኬት ወዲህ ቶሎ ቶሎ እየጠበበ ከሆነ ያ ቫልቭ እየተሳበ ነው። አስፍቶ ማስተካከል መፍትሔ አይሆንም፤ ጉዞው ይዘግይ።

ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት

ዘይት ማለስለሻ ብቻ ይመስለናል። ቮልስ ላይ ግን ውኃ ስለሌለ የራዲያተሩን ሥራ በከፊል የሚሠራው እርሱ ነው። አየር የማይደርስባቸውን የውስጥ ብረቶች እያጠበ ሙቀታቸውን ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው ይወስዳል። የሞተሩ ሙሉ ይዞታ 2.5 ሊትር ነው። ይህ ትንሽ ነው። ግማሽ ሊትር ሲጎድል ሙቀት ከሚሸከመው አምስት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው።

በፋብሪካው አሠራር እንደ ሌሎች መኪናዎች የወረቀት ፊልትሮ የለውም፤ ከታች ክብ የሽቦ ወንፊት ብቻ አለው። ወንፊቱ ትልልቁን ቆሻሻ እንጂ ደቃቁን አይዝም። ስለዚህ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ከጉዞ በፊት ግን ቁጥሩ ባይደርስም ይቀየር፣ ወንፊቱም ወጥቶ ይታጠብ። ወንፊቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካያችሁ ጉዞውን ሰርዙ፤ ብናኙ የሚመጣው ከሚፋቅ ኩሽኔታ ነው። መንገድ ላይ ደግሞ ቤንዚን በቀዳችሁ ቁጥር፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ መለኪያውን አውጥታችሁ እዩ። ከላይኛው ምልክት ማሳለፍም አይጠቅምም፤ የተረፈው ዘይት ተንጦ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ሙቀት አይሸከምም።

ቆላ ሲወረድ የሚወፍረው አየር

በምዕራፍ 5 ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር በምን ልክ እንደሚቀላቅል አብራርቻለሁ። አሁን ያንን ትምህርት ይዘን ጎሃ ጽዮን እንቁም።

ጎሃ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከዚያ ወርዶ አባይ ድልድይ ላይ ወደ 1,000 ሜትር ከፍታ ይጠጋል። ከዚያ እንደገና ወጥቶ ደጀን ላይ 2,400 ይደርሳል። ይህ ሁሉ በ40 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። አየር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ስለሚለዋወጥ፣ ድልድዩ አጠገብ ያለው አየር ከደጋው ይልቅ በ9 ወይም በ10 ዲግሪ ይሞቃል። የባልዲው ቀዳዳ ያለ ማንም ጥፋት ጠበበ ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የአየሩ ውፍረት ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር በአምስት እጅ አንድ ያህል ይሳሳል። ፋብሪካው የቀደደው የቤንዚን ቀዳዳ እዚህ ብዙ ቤንዚን፣ ትንሽ አየር ይሰጣል፤ ሞተሩ ይጠቁራል፣ ይደክማል። ጎበዝ የአዲስ አበባ መካኒክ ይህን ሲያይ ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ በጠባብ ይቀይራታል፤ ጉልበት ለማግኘትም እሳቱ ቀደም ብሎ እንዲነሣ ያደርጋል። ለአዲስ አበባ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ድልድዩ ጋ ግን አየሩ ከአዲስ አበባው ወደ 15 በመቶ ያህል ይወፍራል። በጠባቧ ቀዳዳ የሚመጣው ቤንዚን ለዚህ አየር ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ደግሞ የቫልቩን አካባቢ ከወትሮው በላይ ያግላል። ቀድሞ የሚነሣው እሳትም በወፈረው አየር ውስጥ ሲሊንደሩን ያስጮኸዋል፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ከሞተሩ የሚሰማው ስል የብረት ጩኸት እርሱ ነው። ያንን ድምፅ ከሰማችሁ እግራችሁን ከነዳጁ አላሉ፣ ማርሽ ቀንሱ። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ በሚገባ የተስተካከለች መኪና በትክክል በመስተካከሏ ምክንያት አባይ ላይ ትጋላለች። ከመነሣታችሁ በፊት መካኒኩን «ለቆላ አድርግልኝ» በሉት፤ እሳቱን ወደ ፋብሪካው ልክ ይመልሰው፣ ቀዳዳዋንም ሰፋ ያለችውን ይግጠም። ደጋው ላይ ትንሽ ትደክማለች፤ ትድከም።

ቁልቁለቱ

እስካሁን ስለ ሞተር ብቻ አወራን። ቁልቁለት ላይ ግን ሞተሩ ያርፋል፤ ባልዲው የፍሬኑ ነው።

አራት ሰው ከነሻንጣው የጫነች ቮልስ አንድ ቶን ትሞላለች። ይህን ክብደት በ1,500 ሜትር ዝቅ ማድረግ ወደ 15 ሜጋ ጁል ጉልበት ይለቅቃል። ፍሬን ማለት ይህን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። ጉልበቱ 40 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ጀሪካን፣ እስኪፈላ ያሞቃል። አየርና የጎማው ፍትጊያ ከፊሉን ይወስዳሉ፤ የቀረውን አራት ትናንሽ የብረት ታምቡሮች ሊሸከሙ ነው።

ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ የፍሬን ሸራው ሊደርስበት ፔዳሉ የበለጠ መውረድ አለበት። ሸራውም ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውኃ ጠጥቶ ሲያረጅ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ይጨመቃል፤ ሾፌሩ ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ ግን አትይዝም። ብልሽቱ ከተማ ውስጥ ቢነዱ ዕድሜ ልክ ላይታይ ይችላል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፤ የተቀየረበትን ቀን የማታስታውሱ ከሆነ ዛሬ ይቀየር። ዶት 4 ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ሌላው መከላከያ በነፃ ይገኛል። ከጎሃ ጽዮን ስትወርዱ ዳገቱን ብትወጡበት ኖሮ የምትጠቀሙበትን ማርሽ አስገቡ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ያን ጊዜ ጎማው ሞተሩን ያዞራል፣ ሞተሩም መኪናዋን ይይዛል። ለቮልስ ይህ ሁለት ጥቅም አለው። ቬንቲሌተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ የሚቃጠለው ቤንዚን ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ድልድዩ ጋ ቀዝቃዛ ሞተርና ያልጋለ ፍሬን ይዛችሁ ትደርሳላችሁ። ሞተር አጥፍቶ ወይም ዜሮ ማርሽ አድርጎ «ቤንዚን ለመቆጠብ» የሚወርድ ሰው ይህን ሁሉ በገዛ እጁ ይጥላል።

ዳገቱ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቬንቲሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ዙር ልክ ነው። በአራተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ ብዙ ቤንዚን ይቃጠላል፣ የሚነፋው አየር ግን ትንሽ ነው። ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ ቢጮህ ይሻላል፤ ጩኸቱ አየር ነው። ደጀን እንደወጣችሁም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉ። ቬንቲሌተሩ የሚቆመው ከሞተሩ ጋር ስለሆነ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ።

ጎማ፣ ቤንዚን፣ ባትሪ

ጎማ በተንከባለለ ቁጥር ይጣጠፋል፣ ሲጣጠፍ ይሞቃል። ነፋስ ያነሰው ጎማ ብዙ ይጣጠፋልና ብዙ ይሞቃል፤ ባዶ መንገድ ላይ የሚፈነዳው በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ቮልስ ሞተሯ ኋላ ስለሆነ የኋላ ጎማዎቿ ከፊቶቹ የበለጠ ነፋስ ይፈልጋሉ፤ ጎሚስታው አራቱንም እኩል ሲሞላ ዝም አትበሉ። ጥቂት የምትነዳ አሮጌ መኪና ጎማዋ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ራሱ ያረጃል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አኀዞች አንብቡ፤ 2312 ማለት በ2012 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው።

የቤንዚን ላስቲኩ ሊናቅ የማይገባው ዕቃ ነው። በቮልስ ሞተር ክፍል ውስጥ ቤንዚኑ እሳት ከሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር አጠገብ ያልፋል። ሙቀት ላስቲክን ያደርቃል፣ የደረቀው ይሰነጠቃል። የሞተሩ አካል ደግሞ የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ሲደፋበት ይብሳል። ላስቲኩን በሙሉ በአዲስ ቀይሩ፣ በማጥበቂያ አሳስሩ፣ የፕላስቲክ ፊልትሮ ከሞተሩ በላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ከዚያ አንሡት። የዱቄት እሳት ማጥፊያም የሾፌሩ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ጫፎቹን እንዳይነካ ክዳኑ መኖሩን አረጋግጡ።

አዳማ ደርሶ መልስ

ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ መኪናዋን መፈተኛው መንገድ ነው። ብዙ ሰው ወደ ጎጃም የሚሄድ ከሆነ ፍቼ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ መንገዱ ያው ስለሆነ። እኔ አዳማን እመርጣለሁ። የፍቼ መንገድ ከደጋ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ፣ ቀዝቃዛ፣ ባልዲው ላይ የሚፈርድ ነገር የለውም። አዳማ ግን 700 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፣ ይሞቃል፣ ስትመለሱም ረጅም ዳገት አለው። በድሮው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናዋ ወደ መጨረሻ ሙቀቷ ትደርሳለች፤ ብትቆምም ስልክና ጎሚስታ ባለበት ትቆማለች። ለጉዞው የምትጭኑትን ያህል ጫኑ፤ ባዶ መኪና ሞክሮ ሙሉ መኪና መንዳት ሙከራ አይባልም።

ሞጆ ስትደርሱ ቀስ ብላችሁ፣ ፍሬን ብዙም ሳትይዙ ቁሙ። አራቱንም ቸርኬዎች በእጃችሁ መዳፍ ቀረብ አድርጋችሁ ፈትሹ። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ የሚፋጅ ከሆነ ወይ ፍሬኑ ተይዟል፣ ወይ ኩሽኔታው ደርቋል። ከሙቀት መለኪያ መሣሪያ ይልቅ ይህን የማምነው ንጽጽሩ ከመኪናዋ ከራሷ ስለሚወጣ ነው። አዳማ ላይ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ እዩ፤ ቡናማ ከሆኑ ድብልቁ ጥሩ ነው፣ እንደ ኖራ ከነጡ ቤንዚን አንሷል፣ ወደ መካኒኩ ተመለሱ። ቤት ስትደርሱ ዘይቱን ለኩ፤ ስንት እንደጎደለ ጻፉ፤ ለአባይ መንገድ ስንት ትርፍ ዘይት እንደምትይዙ የሚነግራችሁ ያ ቁጥር ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ቫልቩ እንደገና ይለካ። የሞተሩ ራስ ጥብቅ ሥራ ከሠራ በኋላ ክፍተቱ ከተለወጠ የሚታየው አሁን ነው።

ከአዲስ አበባ ንጋት ላይ ከወጣችሁ በረሃውን ከቀትር በፊት ታልፉታላችሁ፤ ያ ሰዓት ብዙ ዲግሪ ይቆጥብላችኋል።

የአንድ ሥራ ብቻ ጊዜና ገንዘብ ካላችሁ ቫልቩን አስለኩ። የሁለት ካላችሁ የፍሬን ዘይቱን ጨምሩበት። አንዱንም ለማድረግ የማይመች ከሆነ ቮልሷን ከተማ አቁማችሁ አውቶቡስ ተሳፈሩ።